ምዕራፍ 4፦ ዶሮ ቤቱ የት ይሁን?

በከተማ ግቢ ውስጥ ዶሮ ቤት ብዙ ጊዜ የሚሠራው ለሌላ ነገር በማይሆን ቦታ ላይ ነው። ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ፣ በሽንት ቤቱ ጉድጓድና በአጥሩ መካከል፣ የተሰበረ ወንበርና የተረፈ ብሎኬት የተከመረበት ጥግ «ለዶሮ ይበቃል» ተብሎ ይጸዳል። አጠና ይተከላል፣ ቆርቆሮ ይመታል፣ ሽቦ ይወጠራል። ሥራው በጥር ወይም በየካቲት ካለቀ ሁሉ ነገር ያማረ ነው፤ መሬቱ ደረቅ ነው፣ ሽታ የለም፣ ቄቦቹም ብዙ ሳይቆዩ እንቁላል መጣል ይጀምራሉ። ሰኔ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ከጎረቤት ጣሪያ የሚወርደው ውሃ አጥሩን ተከትሎ መጥቶ ዶሮ ቤቱ ወለል ላይ ይተኛል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጉዝጓዙ ይቦካል፣ ሽታው ዓይን ያቃጥላል፣ እንቁላሉ ጭቃ ለብሶ ይሰበሰባል፣ ከዶሮዎቹም አንዷ ክንፏን ጥላ ጥግ ትይዛለች። ባለቤቱ መኖ ይቀይራል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ ዶሮዎቹን የሸጠለትን ሰው ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን ገና አጠናው ሲተከል የተሠራ ነው።

ለዶሮ ከግቢው ውስጥ ቶሎ የሚደርቀው መሬት ይሰጥ፤ በዚህ ምዕራፍ የምሟገተው ለዚህ ነው። የቆጡ ርዝመት ወይም የእንቁላል መጣያው ሳጥን ቢሳሳት በመጋዝና በመዶሻ በአንድ ቀን ይስተካከላል። የቦታ ስህተት ግን ዶሮ ቤቱ እስካለ ድረስ አብሮ ይኖራል፤ በየክረምቱም ያንኑ ጣጣ ይዞ ይመለሳል።

የሌማት ትሩፋት የተሰኘው የመንግሥት መርሃ ግብር በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ ከሆነ ወዲህ ስለ ጓሮ ዶሮ የሚወራው ጨምሯል፤ የሚወራው ግን በአብዛኛው ስለ ዝርያና ስለ መኖ ነው። ሳሶ ይሻላል ወይስ ቦቫንስ ብራውን፣ ኮኮክስ እንዴት ናት፣ የመኖ ዋጋ የት ደረሰ ይባላል። ስለ ቦታ ብዙ የማይነሳው፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ያደግንበት የዶሮ አያያዝ ቦታ መምረጥን ስለማይጠይቅ ነው። የሐበሻ ዶሮ ቦታዋን ራሷ ትመርጣለች። ቀኑን ሙሉ ስትጭር ትውላለች፤ ዝናብ ሲመጣ ከጣሪያ ክንፍ ወይም ከጎተራ ሥር ትጠለላለች፤ ፀሐይ ሲወጣ ደረቅ አፈር ፈልጋ አቧራ ትታጠባለች። ሽቦ ውስጥ የገባችው ዶሮ ይህ ምርጫ የላትም። የምትበላውም፣ የምትተኛውም፣ ኩሷን የምትጥለውም እኛ በመረጥንላት ጥቂት ካሬ ሜትር ላይ ነው።

እርጥበቱ ምን ያደርጋል?

አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ ትጠጣለች፤ ሙቀት ሲበረታ ከዚህም ይጨምራል። ከምትጥለው ትኩስ ኩስ ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ ውሃ ነው። አሥር ዶሮ ያለው ሰው እንግዲህ ከሰማይ አንድ ጠብታ ባይወርድም በየቀኑ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ጉዝጓዙ ላይ ይፈስበታል። ደረቅና አየር የሚያገኝ ቦታ ላይ ይህን ውሃ ጭዱ ወይም ሰጋቱራው ይመጠውና ቀስ በቀስ በአየር ይወጣል። ከታች እርጥብ መሬት ካለ ግን ጉዝጓዙ ከላይም ከታችም ውሃ ይጠጣል፤ መድረቂያም አያገኝም።

ኩሱ እርጥበት ሲያገኝ በውስጡ ያለውን ዩሪክ አሲድ ባክቴሪያዎች ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። በማለዳ በር ሲከፈት ዓይንን የሚያስለቅሰው ይህ ጋዝ ነው። በዶሮ ቤት አየር ውስጥ አሞኒያ ከ25 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 25 እጅ፣ እንዳይበልጥ ይመከራል። የሰው አፍንጫ ሽታውን በግልጽ የሚለየውም በዚሁ መጠን አካባቢ ነው፤ ስለዚህ እኛ «ትንሽ ይሸታል» ስንል ዶሮዋ መጎዳት ጀምራለች። በትንፋሽ ቧንቧዋ ውስጥ አቧራንና ተሕዋስያንን ጠርገው የሚያወጡ ረቂቅ ፀጉሮች አሉ፤ አሞኒያ መጀመሪያ የሚያበላሸው እነሱን ነው። እነሱ ሥራ ካቆሙ ማንኛውም የመተንፈሻ በሽታ በቀላሉ ይገባል።

ሽታውን ቆሞ መመዘንም ያሳስታል። ጋዙ የሚወጣው ከወለሉ ነው፤ ዶሮዋ የምትተነፍሰው ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል ከፍ ብላ ነው። ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ቁጢጥ ይበሉና አፍንጫዎን ዶሮዋ ጭንቅላት ከፍታ ላይ አድርገው ጥቂት ጊዜ ይተንፍሱ። ከዚያ ከመጠጫው ራቅ ካለ ቦታ አንድ እፍኝ ጉዝጓዝ አንስተው አጥብቀው ይጨብጡ። እጅዎን ሲከፍቱ ከተበተነ ደህና ነው። ተጣብቆ እንደ ጭብጦ ከቀረ ወለሉ ውሃ ይዟል፤ አዲስ ሰጋቱራ ከላይ መጨመሩም ችግሩን ለጥቂት ቀን ከመሸፈን አያልፍም።

ሌላው የእርጥበት ልጅ ኮክሲዲዮሲስ ነው። የበሽታው ጥገኛ ተሕዋስ ከዶሮዋ ኩስ ጋር ሲወጣ ገና ሌላዋን መበከል አይችልም። ለመብሰል እርጥበት፣ ሙቀትና አየር ይፈልጋል፤ ሦስቱን በሚገባ ካገኘ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይበቃዋል። ከዚያ ጉዝጓዙን የሚጭሩ ጫጩቶችና ቄቦች ይለቅሙትና አንጀታቸው ይቆስላል፤ ደም የተቀላቀለበት ኩስ ይታያል። ሙቀቱንና አየሩን መከልከል አይቻልም፣ ዶሮዎቹም ይፈልጉታል። በእጃችን ያለው እርጥበቱን መቀነስ ብቻ ነው። መድኃኒቱ ይሠራል፤ ግን እርጥብ ወለል ላይ የተሠራ ቤት መድኃኒቱን በየጊዜው ያስገዛል።

ግቢውን በዝናብ ማየት

ቦታ ለመምረጥ ትክክለኛው ወር ሐምሌ ወይም ነሐሴ ነው። ከባድ ዝናብ አባርቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲሆነው ቦቲ ጫማ አድርገው ግቢውን ይዙሩ። ውሃው ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚተኛ፣ የትኛው መሬት ቶሎ እንደሚያንጸባርቅና የትኛው ቶሎ እንደሚደበዝዝ ይታያል። በማግስቱ ጠዋት እንደገና ይዙሩ። ጫማ የማያቆሽሽ ቦታ ካለ እሱን በድንጋይ ምልክት ያድርጉበት።

ከሁሉ በላይ የጣሪያ ውሃን ይጠንቀቁ። መቶ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1000 ሊትር ውሃ ይሰበሰባል፤ በአዲስ አበባ ክረምት በአንድ ከሰዓት በኋላ ይህን ያህል መዝነቡ የተለመደ ነው። ያ ሁሉ ውሃ በአሸንዳ ወደ አንድ ወይም ሁለት ቦታ ይወርዳል፤ አሸንዳ ከሌለም በጣሪያው ክንፍ ርዝመት ልክ መሬቱን ይቆፍራል። የራስን ጣሪያ ማንም ያስተውላል። የጎረቤቱን ጣሪያ ግን የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው፤ ከአጥር ማዶ ያለው ቆርቆሮ ወደ እርስዎ ግቢ ካዘነበለ አጥሩ ሥር ያለው ጥግ ሁልጊዜ የሁለት ቤት ውሃ ያገኘዋል።

ክረምቱን መጠበቅ ካልተቻለ በበጋም የሚታይ ምልክት አለ። ከአጥሩ ግርጌ የጭቃ ርጭት የደረሰበት ቡናማ መስመር ይኖራል። መስመሩ ከፍ ያለበት ወገን ውሃ የሚመታው ወይም ዝናቡ በነፋስ የሚነዳበት ነው። ደቃቅ አፈር ተነጥፎ የደረቀበት ቦታ ውሃ የተኛበት ነው። ቄጠማ የበቀለበት ቦታ ላይ ዶሮ ቤት አይሠራም፤ ቄጠማ ወትሮም እርጥብ መሬት ይወዳል።

ጥቁር አፈር፣ ዋልካ ወይም መረሬ የምንለው፣ በበጋ ያታልላል። በአቃቂ፣ በቦሌ ዙሪያና በቢሾፍቱ ብዙ ግቢ እንዲህ ያለ አፈር ላይ ነው። በየካቲት እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍትና ከግቢው ሁሉ ደረቁ እሱ ይመስላል። ዝናብ ሲጀምር ግን ያብጣል፣ ስንጥቁ ይደፈናል፣ ውሃም አያሳልፍም። በእንጦጦ ግርጌ ያለው ቀይ አፈር ከዚህ የተሻለ ያሰርጋል። የእርስዎን ለመለየት አንድ ክንድ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉት፤ ሲሰርግ እንደገና ይሙሉትና ይተዉት። በማግስቱ ውሃ ካገኙበት አፈሩ አያሰርግም ማለት ነው። ያኔ ቦታውን መተው ግዴታ አይደለም፤ ወለሉን በድንጋይና በገረጋንቲ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግና ከላይ በኩል ውሃውን የሚያዞር ቦይ መቅደድ ግን ግዴታ ነው። ወጪ አለው። የተረፈው ብሎኬት ለዚህ ቢውል ጥሩ ቦታ አገኘ።

የጠዋት ፀሐይ

በአዲስ አበባ ክረምት ዝናቡ በአብዛኛው የሚመጣው ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። ፀሐይ የምትታየው፣ ከታየች፣ ጠዋት ነው። ሌሊት የረጠበውን ጉዝጓዝ ለማድረቅ ያለን ጊዜ ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ገደማ ነው። ምሥራቅ በኩሉ በረጅም ግንብ ወይም በሕንጻ የተዘጋ ዶሮ ቤት ይህን ያጣል፤ ከሰዓት በኋላ ምንም ያህል ክፍት ቢሆን ደመናው አይክሰውም። ከሁለት እኩል ደረቅ ቦታዎች አንዱን መምረጥ ካለብኝ ሁልጊዜ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘውን እወስዳለሁ።

የቀትር ፀሐይ አቅጣጫ ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ይለወጣል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትሆናለች፤ በቀሪው ዓመት በደቡብ በኩል። በታኅሣሥ ወደ ደቡብ በጣም ስታዘነብል 9 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንጻ በእኩለ ቀን ወደ ሰሜን 6 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ይኸው ሕንጻ በሰኔ ወደ ደቡብ የሚጥለው ጥላ ከ2 ሜትር ተኩል አይበልጥም። እንግዲህ በደቡብ በኩል ፎቅ ያለው ጎረቤት ካለዎት ከፎቁ ሥር ያለው መሬት ሌሊቱ በሚበርድበት በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ይውላል። ብዙ ሰው ቦታውን በሚያዝያ አይቶ «ፀሐይ አለው» ይልና በታኅሣሥ ግራ ይጋባል።

ብርሃን ከሙቀት ሌላ ጥቅምም አለው። ዶሮ እንቁላል የምትጥለው በቀን ርዝመት ተመርታ ነው፤ የተሻሻሉ ጣዮች ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ሲያገኙ ጥሩ ይጥላሉ። በእኛ አገር የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። ጨለማ ጥግ ውስጥ ያለች ዶሮ ከዚያችም ላይ ይጎድልባታል። የጎደለውን በአምፖል ለመሙላት የሚያስቡ ከሆነ ኤሌክትሪክ በደህና የሚደርስበት ቦታ ይሁን፤ መሬት ላይ በተጎተተ ሽቦ የክረምት ጭቃ ውስጥ መብራት ማስገባት አደጋ ነው።

ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይመረጥ ያልኩት ለደጋና ለወይና ደጋ ነው። ድሬዳዋ፣ አዋሽ ወይም መተማ ላይ ለሚያረባ ሰው ነገሩ ይገለበጣል። ዶሮ ላብ የላትም፤ የሰውነቷ ሙቀት ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ነው፣ የምትቀዘቅዘውም አፏን ከፍታ በማለክለክ ነው። አየሩ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ መብላት ትቀንሳለች፣ የእንቁላሏ ቅርፊት ይሳሳል። እዚያ ዛፍ ሥር መሥራት ተገቢ ነው፤ የቤቱ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ፣ ጎንና ጎኑ በሽቦ ብቻ ይሁን፣ የጠዋቱና የማታው ዝቅተኛ ፀሐይ አጭሩን ግድግዳ ብቻ ይምታ። ደጋ ላይ ግን ዛፍ ሥር ያለ ዶሮ ቤት ዝናቡ ካባራ በኋላም ሲንጠባጠብበት ይውላል። በነገራችን ላይ አቮካዶ ዛፍ ባለበት ግቢ መንሸራሸሪያውን ከሥሩ ያርቁ። ቅጠሉና ልጣጩ ውስጥ ያለው ፐርሲን የተባለ ንጥረ ነገር ለወፎች መርዝ ነው።

ነፋስን በተመለከተ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። በበጋ በአመዛኙ ከምሥራቅ፣ በክረምት ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል። ዶሮዋ ከምትተኛበት ከፍታ ትንሽ አለፍ እስኪል ግድግዳው ድፍን ይሁን፣ ከዚያ በላይ በሽቦ ይከፈት፤ የሞቀውና የረጠበው አየር በላይ ይወጣል፣ ነፋሱም ደረቷን አይመታም። ደብረ ብርሃንን በመሰለ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት አገር፣ በሽቦው ላይ ማታ የሚወርድ የማዳበሪያ መጋረጃ ይበቃል። ብርድ ፈርቶ ቤቱን ድፍን ማድረግ እርጥበቱን ከውስጥ መቆለፍ ነው።

ከቤት ምን ያህል ይራቅ?

በገጠር ዶሮ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደሯ የቆየ ልማድ ነው፤ ከሸለምጥማጥና ከሌባ የሚጠብቃት ሌላ አልነበረም። ጉዳቱ ግን ቀላል አይደለም። ዴሪክ ሄዲ እና ካሌ ሂርቮነን የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰቦች መረጃ ላይ ተመሥርተው በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ሁለት ነገር አሳይቷል። ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ትንንሽ ልጆች በዕድሜያቸው በቁመት የተሻሉ ነበሩ። ዶሮዎቹ ሌሊት ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ የሚያድሩ ከሆነ ግን ይህ ጥቅም ይቀንሳል፤ ልጆቹ በቁመት ወደ ኋላ የመቅረት አዝማሚያ ታይቶባቸዋል። ጥናቱ የሁለቱን ተያያዥነት ነው ያየው፤ ምክንያቱ ይህ ነው ብሎ አልደመደመም። ቢሆንም በኩስ ውስጥ የሚገኙት ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር ለሚድህ ሕፃን አንጀት ምን ማለት እንደሆኑ የታወቀ ነው። እንቁላሉን ለልጁ ብሎ የሚያረባ ቤተሰብ ልጁ ከሚድህበት በረንዳ ሁለት እርምጃ ላይ ዶሮ ቤት ባይሠራ እለምናለሁ።

በጣም ማራቅም ጉዳት አለው። ከዓይን የራቀ ዶሮ ቤት ይረሳል። ውሃ መድፋትና መሙላት፣ ኩስ መጥረግ፣ እንቁላል መሰብሰብ በየቀኑ የሚሠራ ነው፤ ቦታው ከውሃ ቧንቧው ወይም ከሮቶው ሩቅ ከሆነ በአንደኛው ወር ይሠራል፣ በሦስተኛው ይዘለላል። የታመመች ዶሮ ቶሎ የምትታወቀውም ሰው በቀን ብዙ ጊዜ በሚያይበት ቦታ ስትሆን ነው። ከመኝታ ቤት መስኮት ራቅ ብሎ፣ ከሚያዘወትሩት መስኮት ወይም በር ፊት ለፊት የሆነ ቦታ ካለ እሱ ነው የሚፈለገው። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ግቢ ከሆነ ዶሮ ቤቱ ከጉድጓዱ በታች በኩልና በተቻለ መጠን ርቆ ይሁን።

ጭስም ይታሰብ። እንጀራ የሚጋገርበት ማዕድ ቤት ጭስ በሚወጣበት አቅጣጫ ዶሮ ማስቀመጥ አይገባም፤ የወፍ ሳንባ አየርን በአንድ አቅጣጫ እያሳለፈ በብዛት የሚመጥ በመሆኑ መጥፎ አየር ከሰው ይልቅ ቶሎ ይጎዳዋል።

ቆሻሻ ሲቃጠልበት የኖረ ጥግ፣ የመኪና ባትሪ የተፈታበት ወይም የሞተር ዘይት የፈሰሰበት መሬት ደግሞ በምንም ዓይነት አይመረጥ። ዶሮ አፈር ትጭራለች፣ ትውጣለች። የባትሪው እርሳስም ሆነ ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚፈጠረው ዳይኦክሲን ከአፈሩ ወደ እንቁላሉ ይተላለፋል። በጋና ዋና ከተማ አክራ፣ የአሮጌ ኤሌክትሮኒክስ ገመድ ሲቃጠልበት በኖረው አግቦግብሎሺ አካባቢ የሚጭሩ ዶሮዎች እንቁላል በ2019 እ.ኤ.አ. ተመርምሮ እጅግ ከፍተኛ ዳይኦክሲን ተገኝቶበታል። የአንድ ግቢ ቆሻሻ ማቃጠያ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ መርሁ ግን ያው ነው። አፈሩን በሌላ ገረጋንቲ መሸፈንም ጥልቅ ለሚጭር እግር አስተማማኝ አይደለም።

የበዓል ዶሮና የማታ ሌባ

ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና ወይም ለፋሲካ ከገበያ የተገዛ ዶሮ እስኪታረድ ድረስ እግሩ ታስሮ ግቢ ውስጥ ይሰነብታል። ያ ዶሮ ከየት እንደመጣ፣ ከስንት ዶሮ ጋር በአንድ ቅርጫት እንደተጓዘ ማንም አያውቅም። ፈንግል ይዞ ሊሆን ይችላል፤ በሽታው ከያዘው በኋላ ምልክት ሳያሳይ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የፈንግል ክትባት ስለሚያመርት ዶሮዎችዎን ያስከትቡ፤ ክትባቱ ግን የቦታን ጥንቃቄ አይተካም። የበዓሉ ዶሮ የሚታሰርበት፣ የሚታረድበትና ላባው የሚነቀልበት ቦታ ከዶሮ ቤቱ በግቢው ሌላኛ ጫፍ ይሁን። የታጠበበት ውሃም ወደ ዶሮዎቹ አይፍሰስ። የተረፈው ጥግ እንግዲህ ለዚህ ይሁን።

ሸለምጥማጥ በአጥርና በዛፍ ላይ እንደልቡ ይሄዳል፤ የዶሮ ቤቱ ጣሪያ ከአጥሩ ጋር ከተያያዘ መሰላል ሠራንለት። አይጥ ደግሞ ጠባብ ክፍተት ይወዳል። በዶሮ ቤቱና በአጥሩ መካከል ያለው ርቀት ስንዝር ወይም ክንድ ብቻ ከሆነ መጥረጊያ አይገባበትም፣ ቅጠልና መኖ ይከማችበታል፣ በጥቂት ሳምንት የአይጥ መንገድ ይሆናል። ሰው የሚያልፍበት አንድ ሜትር ይተው።

አንድ ግቢ እንውሰድ

አዲስ አበባ ውስጥ የተለመደ 200 ካሬ ግቢ ይሁን፤ 10 ሜትር በ20። በሩ በሰሜን መንገድ ላይ ነው። ዋናው ቤት ባለ አንድ ወለል፣ 4 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ከበሩ 8 ሜትር ገባ ብሎ የተሠራ ነው። ሰርቪስ ቤቱና ሽንት ቤቱ በስተደቡብ ጀርባ ናቸው፤ ከዚያ አጥር ማዶ የጎረቤት ፎቅ አለ። አጥሩ 2 ሜትር ተኩል ነው። አሥር ዶሮ ሊገባ ነው፤ ለማደሪያው 3 ካሬ ሜትር፣ ለመንሸራሸሪያው ቢያንስ 10 ካሬ ሜትር ይፈለጋል።

የኋላው ጥግ በታኅሣሥ የፎቁ ጥላ ውስጥ ነው፣ በክረምት የጎረቤቱን ውሃ ይቀበላል፣ ከሽንት ቤቱ ጉድጓድም ይጠጋል። ይተዉት። በምሥራቅ በኩል በቤቱና በአጥሩ መካከል ያለው 2 ሜትር መተላለፊያ የአጥሩ ጥላ ከላዩ የሚነሳው ወደ ጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ ለማድረቂያ ከነበረው ጊዜ አብዛኛው አልፏል። በምዕራብ ያለው መተላለፊያ ደግሞ ቤቱ ራሱ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ይጋርደዋል። የሚቀረው ፊት ለፊት ነው፤ ከበሩ ገባ ሲሉ በስተቀኝ፣ የግቢው ሰሜን ምዕራብ። ከምሥራቁ አጥር 7 ሜትር ስለሚርቅ በታኅሣሥ እንኳ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ፀሐይ ያገኛል። ዋናው ቤት በታኅሣሥ ወደ ሰሜን የሚጥለው ጥላ 2 ሜትር ተኩል ነው፤ ዶሮ ቤቱ ከቤቱ 3 ሜትር ከራቀ አይደርስበትም። ከሳሎኑ መስኮትም ይታያል።

እዚህ ላይ ሁሉም ቤተሰብ አንድ ዓይነት ተቃውሞ ያነሳል፦ እንግዳ በሚገባበት፣ መኪና በሚቆምበት፣ ጽጌረዳ በተተከለበት ፊት ለፊት ዶሮ ቤት እንዴት ይሠራል? ስሜቱ ይገባኛል፣ ግቢን ለእንግዳ ማሳመር ጥሩ ልማድ ነው። ነገር ግን የሚሸተው እርጥብ ዶሮ ቤት ነው፤ ደረቁ ከሦስት እርምጃ ላይ አይታወቅም። ከጀርባ ተደብቆ ሐምሌ ላይ እስከ ሳሎን የሚሸት ዶሮ ቤት ከፊት ለፊት ሆኖ ከማይሸተው ይልቅ እንግዳን ያሳፍራል። በቀለም የተቀባ ንጹሕ ዶሮ ቤትና የሚጭሩ ቀይ ዶሮዎች ደግሞ ለእኔ ከጽጌረዳው አያንሱም።

ቦታው እንከን የለውም አይባልም። የግቢው መሬት ወደ በሩ ስለሚያዘነብል የቤቱ ጣሪያ ውሃ ወደዚያው ይመጣል፤ መኪናውም የሚታጠበው በአቅራቢያው ነው። ስለዚህ ከቤቱ ወገን ትንሽ ቦይ ይቀደድና ውሃው በምሥራቅ በኩል ወደ በሩ ይዙር፤ ወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር በገረጋንቲ ከፍ ይበል፣ መኪናው የሚታጠብበትም ወደ ሌላው ጎን ይዛወር። የምዕራቡን ጎረቤት ሥራው ሳይጀመር ማነጋገር ተገቢ ነው። መኝታ ቤታቸው በዚያ በኩል ከሆነ ዶሮ ቤቱ ሁለት ሜትር ወደ በሩ ቢጠጋ ይሻላል። ለእንቁላል ብቻ ከሆነ ደግሞ አውራ ዶሮ አያስፈልግም፤ ሴቶቹ ያለ አውራ ይጥላሉ፣ ከንጋት በፊት የሚቀሰቅስም አይኖርም። ተከራይ የሆነ ሰው ይህንኑ ቤት ከመሬት ከፍ ባሉ አራት እግሮች ላይ፣ ሁለት ሰው ተሸክሞ በሚያነሳው ልክ ቢሠራው ክረምትና በጋ ቦታ ይቀያይርለታል፣ ቤት ሲለቅም ይዞት ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቤቱን ማዞር ነው። ምሥራቁ ከታች 80 ሴንቲ ሜትር ድፍን፣ ከላይ ሽቦ ይሁንና የጠዋቱ ፀሐይ እስከ ወለሉ ትግባ። ዝናብ በሚነዳበት በምዕራቡ በኩል ድፍን ግድግዳ ይቁም፣ የጣሪያው ክንፍም ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይውጣ። ቆጡና የእንቁላል መጣያው ከዚህ ግድግዳ ጋር ይሁኑ፤ ዶሮ ለመጣል ገለል ያለና ደብዘዝ ያለ ቦታ ትወዳለች። መጠጫው ከቆጡ ርቆ በምሥራቁ በኩል ይቀመጥ፣ የሚፈስሰውን ፀሐይዋ ታድርቀው። የሰው መግቢያው በሰሜን ይሁን፤ ኩስ የሚጠርገው ሰው ጋሪውን ይዞ በቀጥታ ወደ በሩ ይወጣል፣ በሳሎኑ ፊትም አያልፍም።